ባቡር አይነካም

በዚህ አገር ብቻውን የተጫወተ ሰው የለም። ሁለት ሰዎች ዳማ ይዘው ከተቀመጡ ሦስተኛው የት እንዳለ ፈልጉ፤ ከአንደኛው ትከሻ ጀርባ ቆሟል። ቆርኪ አይነካም፤ አያሸንፍም፣ አይሸነፍም፤ ጨዋታውን የሚመራው ግን እርሱ ነው። ካርታም ይሁን ከረምቡላ፣ መኪናን ወደ ኋላ አስጠግቶ ማቆምም ይሁን፣ ሰው አንድ ነገር ሲጀምር ይህ ሰው ከመሬት ይበቅላል። «እኔ ብሆን ኖሮ…» ይላል። ሆኖ ግን አያውቅም።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ ክቡር አማካሪ አቶ ወልደሰንበት ነበሩ። መንበራቸውም አቃቂ፣ በወይዘሮ አስካለች ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ከግድግዳው ጥግ ያለችው አግዳሚ ወንበር ነበረች።

ዘመኑ የሚሌኒየሙ ድግስ ካለቀ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። አስካለች በፊተኛዋ ክፍል ሳሙናና ስኳር ትሸጣለች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻና ሁለት ጆይስቲክ አሏት። አንደኛው ጆይስቲክ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚታዘዘው። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ኳስ ይጫወታል። እኔ ግን በክር ፋብሪካ የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ስመጣ የምጠይቃት ያንን የካውቦይ ጨዋታ ነበር። ዲስኩ ከመጫጫሩ የተነሣ ድመት የተጫወተችበት ይመስላል። አስካለች በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ፣ እፍ ብላበት፣ አንዳንዴም አማትባበት ስታስገባው ይነሣል።

ከቃሊቲ አቃቂ ለመድረስ በከባድ መኪኖች መካከል ተሰልፎ ለሚውል ሰው በጨዋታው ውስጥ ያለው ያ ሰፊ ሜዳ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ወደ ፈለግህበት ትጋልባለህ፤ ኬላ የለም፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ረዳት የለም፤ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትጠልቅ ፈረስህን አቁመህ ብታያት ማንም አይቆጣህም። ደስታው ይህ ነው። መከራው ደግሞ ፈረስ መውጫውና ሰው መደብደቢያው ቁልፍ አንድ መሆኑ ነው። ፈረሴ ላይ እወጣለሁ ብዬ የከተማውን ዳኛ በቡጢ ጥዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በዱር ስሸሽ ከርሜአለሁ። ከዚያም የሚብሰው፣ ያደረግሁትን «ሴቭ» ሳላስደርግ መብራት ከሄደ የዋልሁበት ሁሉ እንዳልነበረ መሆኑ ነው። የሞቱት ይነሣሉ፤ የተዘረፈውም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

አቶ ወልደሰንበት ወደዚህ ዓለም የገቡት ሳሙና ሊገዙ መጥተው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር ፉርጎ ሲቀጥሉና ሲፈቱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባቡሩም እሳቸውን ተከትሎ ጡረታ የወጣ ይመስል በአቃቂ ማለፉን ትቷል። ሳሙናቸውን እንደያዙ ከመጋረጃው ወዲያ ጡሩምባ ሰሙ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ፣ በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ባቡር ጢሱን እየተፋ ይሄዳል።

«የት ነው የሚሄደው?» አሉ።

አላውቅም ብላቸው አዘኑብኝ። ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነሡም ማለት ይቻላል።

ምክራቸው ባቡር ብቻ አልነበረም፤ ሁሉን ያውቃሉ። ፈረሱን አሳርፈው፤ ወንዙን በዚህ አትሻገር፤ ያ ሰውዬ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጓልና አትመነው። ፈረስን በተመለከተ ግን ተቀናቃኝ ነበራቸው፤ ኩምሳ። ኩምሳ ባጃጅ ነጂ ነው፤ አባቱ ወደ ገላን በኩል ገበሬ ነበሩና ከፈረስ ጋር አድጓል። ግንባሩ ነጭ የሆነውን ፈረሴን «ቦራ» ብሎ የሰየመልኝ እርሱ ነው። ዳገት ላይ ስጋልብ ባየኝ ቁጥር «አንተ፣ ባጃጅ እንኳ በዚህ አይነዳም» ይለኛል። እንግዲህ ከኋላዬ ሁለት ምክር ቤት ነበረኝ፤ አንድ የምድር ባቡር፣ አንድ የእርሻ።

አቶ ወልደሰንበት በሁለተኛው ሳምንት ደብተር ይዘው መጡ። የእጅ ሰዓታቸውን ይሞላሉ፤ ባቡሩ ድልድዩን ሲያልፍ ይጽፋሉ። በየሃያ ሁለት ደቂቃው እንደሚያልፍ ደረሱበት። ሊደርስ ሲል ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ሲያልፍ «በሰዓቱ ነው» ይላሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የሚበራው መብራት የተለየ ነበር። ኳስ ለመጫወት ተራ የሚጠብቁት ሳይቀሩ «ጋሼ፣ ስንት ደቂቃ ቀረው?» ማለት ለመዱ።

ችግሩ የመጣው ታሪኩ ወደፊት እንዲሄድ ባቡሩ መዘረፍ ያለበት ጊዜ ነው። ሽጉጤን መዝዤ ሐዲዱ ዳር ስቆም ከኋላዬ አግዳሚዋ ጮኸች።

«ምን ልታደርግ ነው ነቢዩ?»

«ልዘርፈው ነው፣ ጋሼ።»

«ባቡር አይነካም።»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነማ ሌላ ነገር ዝረፍ። ባንክ አለ አይደል?»

ባንኩን ዘረፍሁ። በኋላ በር እንድገባ ያሳዩኝ፣ ጠባቂው ምሳ የሚበላበትን ሰዓት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውንም ባንክ ዘረፍሁ። የወርቅ ማዕድኑንም፣ የፖስታ ሠረገላውንም በሳቸው ቡራኬ ዘረፍሁ። ስድስት ወር ሲሞላ በዚያ ምድር ያልተዘረፈ ባቡሩ ብቻ ቀረ፤ ከባቡሩ ቀጥሎ ደግሞ የታሪኩ መጨረሻ። ያንን መጨረሻ ለማየት ያለኝን ጉጉት ልነግራችሁ አልችልም። ጀግናው የተጣላውን ወንድሙን ያገኘዋል? ይታረቃሉ? ፈረቃ ላይ ክር እየጠመጠምሁ የማስበው ይህንኑ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ወልደሰንበት ጡረታቸውን ሊቀበሉ ወደ ከተማ ሄዱ። እኔም እንደ ሌባ ተሽቀዳድሜ ባቡሩን አደፈጥሁት። አራት ጊዜ ሞከርሁ። አራት ጊዜም በሜዳው ላይ እንደ ነፋስ አለፈኝ፤ በመጨረሻው ቦራንም እኔንም ከሐዲዱ ላይ ጠረገን። ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ባቡሩ በሰዓቱ መጥቶ እንደሆነ።

«መጥቷል» አለ ኩምሳ። «ነቢዩን ረግጦት ሄደ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው አልሳቁም። ሳምንቱን ሙሉ መጡ፣ ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በዚያ ሳምንት ፈረሴን ሦስት ጊዜ ገደል ከተትሁት። ወንዙን በዚያው በተከለከለው በኩል ስሻገር ሰመጥሁ። ባርኔጣውን ዝቅ ያደረገው ሰውዬም ገደለኝ። አንገቴን አዙሬ አይ ነበር፤ ሰዓታቸውን ይሞላሉ እንጂ አያዩኝም። ሰው ስድስት ወር ሙሉ «ምነው ዝም ባሉልኝ» ብሎ የተመኘው ነገር ሲደርስለት እንዲህ ይከፋል ብዬ አልጠበቅሁም።

በዚህ መካከል የአስካለች ዕጣ ወጣ፤ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እልል ተባለ። ቤቱን ዘግታ ማጫወቻውን ለወንድሟ ልትልከው ነበርና ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን እንደሆነ ነገረችን። እንኳን ደስ አለሽ አልኋት። ታሪኬ ግን ሳያልቅ ሊቀር ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከኋላዬ ያ ድምፅ መጣ።

«በል ባቡሩን ዝረፈው።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ቀልድ አልነበረም።

«ስድስት ወር በመስኮቶቹ ሳይ ቆየሁ» አሉ። «አንድም ሰው አልጫነም፤ ባዶውን ነው የሚመላለሰው። ዝረፈውና ታሪክህን ጨርስ። ነጂውን ግን እንዳትነካው።»

ከዚያ በኋላ ለሆነው የአቃቂ ኳስ ተጫዋቾች ምስክር ናቸው፤ ተራቸውን ትተው ቆመው አይተዋል። «ሜዳው ላይ አትጠብቀው፤ ሜዳ ላይ ማን ይደርስበታል? ድልድዩን አልፎ ዳገቱ ጋ ኩርባ አለ። እዚያ ይደክማል። እዚያ እንኳን ፈረስ ፍየልም ይደርስበታል» አሉ አቶ ወልደሰንበት። ሄድሁ። ባቡሩ መጣ፤ እውነትም ዳገቱ ላይ ማቃሰት ጀመረ። ቦራን አስጠግቼ ዘለልሁ። «ከኋላ ጀምር። የመጨረሻውን ፉርጎ ፍታው። አሁን አይደለም። አሁን።» እኔ ቁልፍ ስጫን የእሳቸው እጆች በአየር ላይ የማይታይ ብረት ይፈቱ ነበር። ኩምሳ የቦራን መቆሚያ ያዛል፤ አስካለች ደንበኛ ትታ በመጋረጃው ታያለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ያገለገሉ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ከአገሩ ሽፍቶች ሁሉ የበለጡ ሆኑ።

ተሳካ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ባቡሩ ዳገቱ ላይ ቆመ፤ ጢሱም እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

አቶ ወልደሰንበት ሰዓታቸውን አዩ። ደብተራቸውን ገለጡ፤ ብዕራቸውን ይዘው ቆዩና ምንም ሳይጽፉ ዘጉት። «ቆመ» አሉ፤ ለማንም አልነበረም።

በቴሌቪዥኑ ላይ እንደ ወትሮው በእንግሊዝኛ ጥያቄ መጣ። ሴቭ ይደረግ ወይስ ይቅር? አዎ ካልሁ ባቡሩ እንደቆመ ይቀራል፤ እኔም ነገ የታሪኩን መጨረሻ አያለሁ። አይ ካልሁ ሁሉም እንደ ጠዋቱ ነው፤ ለሌላ ዘረፋ የሚሆን ልብም ቀንም አይኖረንም።

«ምን ይላል?» አሉኝ፤ እንግሊዝኛ አያነቡም።

«ነገ ባቡሩ ይምጣ ወይስ ይቅር ነው የሚለው።»

«አንተስ ምን ልትለው ነው?»

«ይምጣ» አልሁና «አይ» የሚለውን ተጫንሁ። ኩምሳ እንግሊዝኛውን ያነብ ነበርና በሁለት እጁ ራሱን ያዘ፤ ነገር ግን አላጋለጠኝም። መጨረሻውን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ቅዳሜ ስገባ አቶ ወልደሰንበት ቀድመውኝ ነበር፤ ሰዓታቸውን ሞልተው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው። ማንም ኳስ ይሁንልኝ አላለም። ፈረሴን ድልድዩ አጠገብ አቆምሁና ሁላችንም ጠበቅን። ያ የተጫጫረ ዲስክ መካከል ላይ ደንዝዞ ትንሽ አቆየን እንጂ፣ ጡሩምባው ተሰማ፤ ጢሱም ታየ።

አቶ ወልደሰንበት ሰዓታቸውን አይተው ጻፉ።

«ሦስት ደቂቃ ዘግይቷል» አሉ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አይፈረድበትም፤ ትናንት ሲዘረፍ ነው የዋለው» አሉኝ።