ከበሩ ጀርባ የተጻፈው ድረ ገጽ

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ የት ይጻፍ የሚለውን ግን ማንም አልነገረንም። አንዱ የወደደውን ድረ ገጽ ለራሱ በኢሜይል ይልካል፣ ልኮም ይረሳዋል። ሌላው የከፈተውን ሁሉ ሳይዘጋ ደርድሮ ስልኩን እንደ ጭነት አህያ ያስቃስተዋል። እኔ ግን ሥርዓት ያለኝ ሰው ነኝ! አዲስ አበባ ባለው የቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም በየፈርጁ አስቀምጣለሁ። ኩራቴን ብታዩት!

ሰበታ ቤት ያከራዩኝ ገበሬው ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ መዝገባቸው ከበራቸው ጀርባ ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ፣ የጤፍ ነጋዴው ስልክ፣ ሁሉም በከሰል ተጽፏል። ለነፃ ትምህርት ዕድል የምመዘገብበትን ገጽ ያገኘሁ ቀን በደስታ ሳወራላቸው፣ “ለከርሞ ልጄ ትሞክረዋለች፤ እዚህ ጻፍልኝ” አሉኝ። ያንን ማለቂያ የሌለው አድራሻ እየሳቅሁ ጻፍኩላቸው። “ኦቦ፣ ድረ ገጽ እኮ ግድግዳ ላይ አይቀመጥም” ብዬም መከርኳቸው። እኔ መካሪ!

ከዚያ ምዝገባው ሳይከፈት የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ጠፋ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ስልኬ በድንገት ሲንጫጫ ከአልጋዬ ዘለልኩ፤ ኔትወርክ መጣ! ደስታዬ ግን ጫማ እስካጠልቅ አልቆየም። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ዕድል አድራሻው ቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በእኔና በቢሮዬ መካከል ደግሞ ድንጋይ የተደረደረበት መንገድ አለ። ስሙን ጽፌ ብፈልግ የሚመጣልኝ ያለፈው ዓመት ማስታወቂያ ብቻ ሆነ።

ግቢው ውስጥ ስቆራጠጥ ኦቦ ቶሎሳ አዩኝ።

“ማል ታቴ? ምን ሆንክ?”

ነገርኳቸው።

“ታዲያ በገዛ እጅህ ጽፈኸው የለም እንዴ!”

ሮጥኩ። በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቁቤ የተማሩት ኦቦ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይጠሩልኛል፣ እኔ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። አንዷን ፊደል ፍየላቸው ታክካባት አደብዝዛታለች። ገመትኩ፣ እምቢ አለ። ደግሜ ገመትኩ።

ተከፈተ! ኦቦን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። እየተጣደፍኩ ሞልቼ ላክሁ። “ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ ውጤትዎን የሚያዩት በዚህ አድራሻ ስለሆነ ያስቀምጡት” የሚል መልስ መጣ። አድራሻው ከፊተኛው ይረዝማል።

ቀና ስል ኦቦ ቶሎሳ ከምድጃው ከሰል መርጠው ዘርግተውልኛል።

“እንካ፣ ኔትወርኩ ሳይጠፋ!”

ሳልስቅ ጻፍኩ።