ግራዝማች ኮሶ ጠጥተዋል

የሹም ሆድ እንደ ተራ ሰው ሆድ ዝም ብሎ አይታመምም። ይህን የሰበታ ሰው ሁሉ ያውቃል። ተቅማጥ የባላገር ነው፤ ሹም ኮሶ ይጠጣል።

የወረዳው ዳኛ ግራዝማች ወንዳፍራሽ የድንበር ክርክር ሊያዩ በበቅሎ ተፍኪ ወረዱ። ፍርዱን ለሌላ ጊዜ ቀጥረው ከከሳሹ ከኦቦ ሞቱማ ቤት ምሳ ገቡ። የቀረበላቸው ዱለት በጉ ከታረደ ያደረ ነበር። ዝንቡ እንኳ ጠጋ ብሎ ተመለሰ። የጋባዥን ጉርሻ መመለስ ግን ነውር ነውና ግራዝማች ነውር ሳይሠሩ ትሪውን ጨረሱት።

ነውሩ መንገድ ላይ ጠበቃቸው። ስንቴ ወርደው ቁጥቋጦ እንደ ፈለጉ የምታውቀው በቅሎዋ ናት።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉዬ ግንባራቸውን ብትዳስስ እንደ ፍም ይፋጃል።

«የክሊኒኩን ድሬሰር አሥራትን ላስጠራልዎ።»

«ማንን? ፊቴ ቆሞ እጅ የሚነሣኝ ሰው ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉ ሊለኝ?»

«ታዲያ ለባለጉዳዩ ምን ይባል?»

«ግራዝማች ኮሶ ጠጥተዋል በይ።»

ከዚህ የበለጠ ብልሃት የለም። ኮሶ የጠጣ ሰው ችሎት አይቀመጥም፣ እንግዳ አይቀበልም፣ ጓሮ ቢመላለስም «ኮሶው እየሻረ ነው» ተብሎ ይደነቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግራዝማች ግን በሽታቸውን የደበቁት በራሱ በመድኃኒት ነው።

ችግሩ ኮሶ የአንድ ቀን ነገር መሆኑ ነው። ሳምንቱ ሊጋመስ ሲል ጸሐፊው አቶ ተሾመ እየተቅለሰለሰ ገባ።

«ጌታዬ፣ ሰው ማማት ጀምሯል። ኮሶውን ማን ወቀጠው እያለ ነው።»

ግራዝማች ከአልጋቸው ቀና አሉ። «ዳኛ ውሸታም አይባልም! ኮሶ ይወቀጥ!»

«እንዴ!» አለች ሙሉዬ። «ያለው ሁሉ ወጥቶ አልቆ ምን ሊያወጣ ነው?»

«ክብሬን ከሐሜት ያወጣል።»

«ሲሞቱስ? ለለቀስተኛውም ኮሶ ጠጥተዋል ልበል?»

ጠጡ። ከቀትር በፊት ዓይናቸው ጎደጎደ፣ ምላሳቸው ደረቀ፣ ሙሉዬን «አንቺ ማነሽ?» አሏት።

ሙሉዬ ማንንም አላስፈቀደችም። ሰዎች ጠርታ ከነአልጋቸው አሸከመቻቸው። ተሾመ ከፊት ከፊት እየሮጠ መንገደኛውን «ምንም አይደለም፣ ኮሶ ነው!» ይላል። ክሊኒኩ ሲደርሱ አሥራት ጎንበስ ብሎ ምን እንደ በሉ ጠየቀ።

«ኮሶ…» አሉ ግራዝማች በቀጭን ድምፅ።

«ዱለት!» ብላ ጮኸች ሙሉዬ፣ በሽተኛው ሁሉ እየሰማ። «ያደረ ዱለት! ኮሶውን ዛሬ ነው የደረቡበት!»

አሥራት ግሉኮስ ሰቀለ፣ መርፌ ወጋ፣ ሱሪውም ዝቅ አለ። ግራዝማች ዳኑ።

የምስጋናው ግብዣ ቀን ቆመው ንግግር አደረጉ። «ያተረፈኝ የአባቶቼ ኮሶ ነው!» አሉ። አሥራት አልተጠራም፤ ያየውን አይቷልና።

በዚህ መሐል ኦቦ ሞቱማ ከች አለ። «አካም ጅርቱ ጎፍታ! እንኳን ሻረልዎ!» ትልቅ ትሪ ይዟል። ዱለት ነው። ተፍኪ ሩቅ ስለሆነ በጉን ትናንት አርዶታል።

ግራዝማች ትሪውን አዩ። ሙሉዬን አዩ። ሙሉዬ ራሷን ነቀነቀች። ትሪ መመለስ ነውር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ነውር አይሠሩም።

«እኔ ከኮሶ ገና መነሣቴ ነው» አሉና እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ከጸሐፊው እስከ ዘበኛው እየዞሩ በገዛ እጃቸው አጎረሱ። የሹም ጉርሻ ደግሞ ጭራሽ አይመለስም።

በማግስቱ ችሎት የገቡት ግራዝማች ብቻ ናቸው። ባዶውን ወንበር ሁሉ ተመልክተው ተቆጡ፤ በቀሩት ላይም «ያለ ፈቃድ ኮሶ ስለ መጠጣት» ብርቱ ተግሣጽ ወሰኑ።

ሙሉዬ አሥራትን አስጠርታ ደጅ ጠበቀችው።

«ደግሞ ማን ታመመ፣ እትዬ?»

«ማንም አልታመመም» አለች። «ወረዳው ኮሶ ጠጥቷል። ያለህን ግሉኮስ ሁሉ ይዘህ ና።»