ከአልጋዬ ሥር የተነነ ሸቀጥ

ነጋዴ ሁሉ ብልጥ ነው የሚል ሰው ወይ ነጋዴ አያውቅም፣ ወይ እኔን አያውቀኝም። እኔን ቢያውቀኝማ «ነጋዴ ሁሉ ብልጥ ነው፤ ከዚያ ከሾላው ሰውዬ በቀር» ይል ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ሾላ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ ነበረችኝ። ክር፣ መርፌ፣ ሻማ፣ የጫማ ቀለም እሸጣለሁ። ያ ዘመን እንደምታውቁት ዕቃ ከሱቅ የሚጠፋበት፣ አንዳንዴም ነጋዴው ከዕቃው ጋር አብሮ የሚጠፋበት ዘመን ነበር። እህል የደበቀ «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ተብሎ ይያዛል። ዘይት የደበቀም እንደዚያው። ታዲያ መንገድ ዳር የተማረው ጭንቅላቴ አንድ ሐሳብ ወለደ፦ ማንም የማይጠረጥረውን ዕቃ ብደብቅስ?

ናፍታሊን! ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ከሣጥን ውስጥ ብል የምታባርር ነጭ እንክብል። የክት ልብሳችሁን ለብሳችሁ ሠርግ ስትሄዱ ከእናንተ ቀድማ ድንኳን የምትገባው!

«ናፍታሊን ከእንግዲህ አይመጣም» የሚል ወሬ ሾላ ደረሰ። ማን እንዳለው አልጠየቅኩም። ነጋዴ ወሬ ሲያጣራ ሌላው ዕቃውን ይገዛዋል። ጥሪቴን አሟጥጬ ያገኘሁትን ናፍታሊን በካርቶን በካርቶን ገዛሁና ቦሌ ወዳለው ቤቴ አስገብቼ ከአልጋዬ ሥር ደበቅኩት።

ይሄ እንግዲህ የመጀመሪያው ብልጠቴ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። አባቴ የባቄላ ነጋዴ ነበሩ። «ሸቀጥ ካልተነፈሰ ይሻግታል» ይሉኝ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እኔም የአባቴን ምክር ይዤ ካርቶኑን ከፈትኩ፣ ፕላስቲኩን ቀደድኩ፣ ናፍታሊኔን እንደ ባቄላ ጆንያ ላይ አሰጣሁት። እሑድ እሑድ ደግሞ አልጋ ሥር እየገባሁ አገላብጠው ነበር… እንዳይነቅዝ! አትሳቁ። የብል ማባረሪያ እንዳይነቅዝ የሚያገላብጥ ሰው ከእኔ በፊት አልተፈጠረም፤ ከእኔ በኋላም ባይፈጠር ለአገር ይጠቅማል።

ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴን አስካለን ራሷን ያማት፣ ያቅለሸልሻት ጀመር። እኔንም ግንባሬን ይወጋኛል። እሷ ጠበል ገባች። እዚያ ሽር ብትን አለች፤ ቤቷ በገባች በማግስቱ አገረሸባት።

«ይሄ ቤት ዓይነ ጥላ አለበት» አለችኝ።

«ሳይኖርበት አይቀርም» አልኳት፣ ዓይነ ጥላው ላይ ተጋድሜ።

ከዚያ ዋናው መዓት መጣ። አንድ እሑድ አልጋ ሥር ብገባ እንክብሎቼ አንሰው ጠበቁኝ። ሽምብራ አክለዋል! ሌላ ጊዜ ባይ ደግሞ… ምስር! ከወራት በኋላማ ብናኝ ብቻ! አልቀለጡ፣ አልረጠቡ፣ ጆንያው ደረቅ ነው። ታዲያ የሰው እጅ ካልሆነ ምን ይሆናል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ጠረጠርኩ። ከእኔና ከአስካለ ሌላ ግቢው ውስጥ ያለው የአስካለ ወንድም ምትኩ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ያስተምራል፤ የሚያድረው ሰርቪስ ቤት ነው። ጠራሁት።

«ትልልቁን እየወሰድክ በትንንሹ የምትተካው አንተ ነህ?»

«ምኑን ጋሼ?»

አልጋውን ገፍቼ አሳየሁት። ምትኩ በእጅጌው አፍንጫውን ያዘ።

«እኔ እኮ ሽታው የልብስ ሣጥናችሁ መስሎኝ! በዚህ ላይ ነው የምትተኙት? ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል። ከጠጣር ወደ አየር!»

«ሳይቀልጥ?»

«ሳይቀልጥ።»

«ቅቤ እንኳ ይቀልጣል! በረዶ እንኳ ይቀልጣል! የእኔ ዕቃ ነው ኩራተኛው?»

«የእህቴ ራስ ምታትም ይኸው ነው። ሕፃን ከረሜላ መስሎት ቢውጠው ደሙን ይጎዳዋል። እሳትም ያነሣል… ለመሆኑ መብራት ሲጠፋ ሻማ የት ነው የምታቆሙት?»

ሻማው የሚቆመው አልጋው ግርጌ ነበር። እሱን ግን አልነገርኩትም። ይልቅ ጉሮሮዬን ከፍቼ ጮህኩ፦

«ይሄ የሌባ ሳይንስ ነው! የደበቅኩትን ሸቀጤን! ስንት ዘመን የደበቅኩትን!»

አያችሁ ብልጠቴን? የቀበሌው ሊቀ መንበር አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ነው።

ጩኸቴ ሳያባራ በሩ ተንኳኳ። ሊቀ መንበሩ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ገባ።

«አንተ ነጋዴ! የደበቅከውን አውጣ!»

ሱቄ ስትታሸግ ታየኝ። ቀጥሎ እኔ ስታሸግ ታየኝ። ጥበቃዎቹ ካርቶኖቹን ጎትተው አወጡ። ባዶ! ጆንያው ላይ የቀረው አንድ እፍኝ የማይሞላ ነጭ ብናኝ ነው።

«ሸቀጡስ? ለማን ቸበቸብከው?»

ልብ በሉ፦ ደብቀሃል መባሉ ሳያንሰኝ ሸጠሃል ተጨመረብኝ። ከዚህ ጉድ የሚያወጣኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አሁን ሌባ ያልኩት ሰው። ዞር ብዬ አየሁት። ምትኩ ኮርኒስ ኮርኒሱን ያያል።

«ምትኩዬ… እስቲ ያንን ሳይንስ ንገራቸው።»

«የቱን ጋሼ? የሌባውን?»

«የመምህሩን! የመምህሩን ወንድሜ!»

አስካለ በክርኗ ጎሸም ባታደርገው ኖሮ ይህን ወግ የምጽፍላችሁ አይመስለኝም። ምትኩ ጉሮሮውን ጠረገና አስረዳ። ሊቀ መንበሩ በጥሞና ሰማ።

«እና አሁን ሸቀጡ የት ነው ያለው?»

«አየር ላይ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። እርስዎም እየሳቡት ነው።»

ሊቀ መንበሩ አሸተተ። አሰበ። ደግሞ አሸተተ።

«ማለት… ለሰፊው ሕዝብ ተከፋፍሏል?»

«በነፃ» አለ ምትኩ። «ያለ ሰልፍ።»

አብዮቱ ይህን የመሰለ ክፍፍል አይቶ አያውቅም! ሊቀ መንበሩ በምን አንቀጽ እንደሚያስረኝ ጠፋው። መስኮቱን አስከፈተ፣ ብናኙን አስጠረገ፣ ቅጣቴ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ግለሂስ ማድረግ እንዲሆን ወሰነ።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ቆሜ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ንዑስ ከበርቴያዊ ስግብግብነቴ ሸቀጥ እንዳስደበቀኝ፣ ድንቁርናዬ ደግሞ ሸቀጡን ለጎረቤት አየር እንዳስበተነኝ አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። «ጥያቄ ያለው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

ከኋላ የሠፈራችን አዛውንት እማማ ብርቄ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ አንተ የደበቅከው ዕቃ እየበነነ ለእኛ ይደርሳል ማለት ነው?»

«አዎ እማማ። ደርሷችኋል።»

«እንግዲያስ በሞቴ» አሉ እማማ፣ «በሚቀጥለው ስኳር ደብቅልን!»