የአያ መንገሻ ሰም

ሽማግሌ የሌለው መንደር ይገኝ ይሆናል፤ የሳሙና ሊቅ የሌለው የመኪና ማቆሚያ ግን ከቶ አይገኝም። እስራኤል ውስጥ፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር ይህ ሹመት የአያ መንገሻ ነው። ሊቀ ሳሙናት መንገሻ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ከሚኖሩበት ሕንጻ በር ቆመው ባልዲ ይዞ የወረደውን ሁሉ ያስቆማሉ። «ጽሑፉን አንብበኸዋል?» ይሉታል። የጠርሙሱን ጀርባ ማለታቸው ነው። ያላነበበ ሰው ውሃ አያስነኩም።

ገበያው የሚባለው ጎረቤታቸው ከእሳቸው አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖራል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሸሽቷቸዋል። አንድ ቀን መኪናውን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሲያሽ አገኙትና፣ ወጥ ተበልቶባታል እንዴ ብለው በሰው ፊት አሳፈሩት። ከዚያ ወዲያ ከተማ ወርዶ በማሽን ያሳጥባል። ሲመለስም እንዳይነቃበት በአቧራማው መንገድ ይዞራል።

በዚያ ዓርብ ግን ማምለጫ አጣ። ልጁ አሪኤል የሚያገባት ልጅ ወላጆች ሰንበትን አብረው ሊውሉ ከነታንያ ከተማ ይመጣሉ። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና እንደሌለ ታውቋል። የቀረው የልጅቱ አባት አቶ አንዳርጌ ቤተሰቡን በዓይናቸው አይተው የሠርጉን ቀን እንዲቆርጡ ነው። የገበያው መኪና ደግሞ ከደጃፍ ቆማ በሽመላ ኩስ ተዥጎርጉራለች።

ማሽኑ ጋ የዓርቡን ሰልፍ ሲያይ ተስፋ ቆርጦ መሀል ከተማ አንድ ሱቅ ገባ። ያገኘውን ሳሙና ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«ጽሑፉን አንብበኸዋል?»

አያ መንገሻ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዓት ፈጁ። ሻምፖውን ሁሉ እየከፈቱ አሸተቱ። የጎማው ማጽጃ ቀለም ይበላል፣ የመስተዋቱ ለወንበር አይሆንም አሉ። አንዱ ጨርቅ የጣራ፣ አንዱ የበር ሆነ፤ ሦስተኛው ለክፉ ቀን ተቀመጠ። ሻጩ ሊአድ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ሲያቅተው በዕብራይስጥ እሺ ለማለት «በሴደር፣ በሴደር» እያለ ወንበር አመጣላቸው። የምርጫው ሁሉ ዘውድ አንድ ቆርቆሮ የመኪና ማንጸባረቂያ ሰም ነበር።

እንግዶቹ ሲደርሱ መኪናዋ ገና አረፋ ውስጥ ስለነበረች ገመናዋ አልታየም። የገበያው ሚስት እታገኝ ወደ ቤት አስገባቻቸው። መኪናዋ ታጥባ ስትደርቅ ገበያው እዚህ ላይ ይብቃን ብሎ ለመነ። አያ መንገሻ ግን ሰም ያልነካው መኪና እንዳልታጠበ ይቆጠራል አሉ። ሰም ደግሞ በፀሐይ አይቀባም፤ ጽሑፉ ላይ አለ። ስለዚህ የሕንጻው ጥላ መኪናዋ ላይ እስኪደርስ ተቀምጠው ጠበቁ።

ጥላው ደረሰ። አያ መንገሻ ከጣራ እስከ በር ለቀለቋት፤ መኪናዋ ነጭ ሆነች። ያ ነጭ ተወልውሎ ሲነሣ ነው የምታበራው። ጨርቁን ኮፈኑ ላይ አንድ ዙር እንዳዞሩ፣ ባለቤታቸው ቦሰና ከሰገነቱ ሆነው የሰንበት መግቢያ ሻማ ሊለኩሱ መሆናቸውን ተናገሩ።

አያ መንገሻ ጨርቁን አስቀመጡት። ገበያው አምስት ደቂቃ ብቻ ብሎ ተማጸነ።

«ሰንበት አምስት ደቂቃ አታበድርም» ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ። ገበያውም ጨርቁን አንሥቶ አየውና መልሶ አኖረው።

ለጸሎት ሲወርዱ እንግዳው መኪናዋን አዩአት። ሊጥ የተለቀለቀች ትመስል ነበር፤ ኮፈኗ ላይ ብቻ ሳህን የሚያህል ክብ ያበራል። አቶ አንዳርጌ ዞረው ተመለከቱና ወደ ምኩራብ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ገበያው እራት ላይ የእንግዳውን ፊት በስርቆት ሲያይ አመሸ።

በማግስቱ ከምኩራብ ሲመለሱ አቶ አንዳርጌ ከመኪናዋ ፊት ቆሙ። «ምን ነክቷት እንዲህ ቀረች?» አሉ።

የስድስት ዓመት ስሞታ ገበያው ምላስ ላይ ነበር። ግን አያ መንገሻ ነጫቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ከኋላ ሲመጡ አየ። አንጀቱ አልቻለም።

«ጎረቤቴ ሊያሳምሩልኝ ሲደክሙ ዋሉ» አለ። «ሰንበት ስትገባ ጨርቁን ጣሉት። እኔም ተውኩት።»

«አባቴ ማሳውን እንዲህ ጥሎ ይገባ ነበር፤ ግማሹ ታርሞ፣ ግማሹ ቀርቶ» አሉ አቶ አንዳርጌ። «ልጄ እንዲህ ያለ ደጃፍ ብትገባ ደስ ይለኛል። ሰንበት ስትወጣ ቀን እንቆርጣለን።»

ሰንበት ወጣች፣ ቀኑም ተቆረጠ። ሦስቱ ሰዎች ጨርቅ ጨርቃቸውን ይዘው ወረዱ። ሰሙ በሃያ አምስቱ የሰንበት ሰዓት ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ክንዳቸው እስኪዝል ፈተጉት። አቶ አንዳርጌ ላባቸውን እየጠረጉ ሁልጊዜ እንዲህ ያስቸግራል ወይ ብለው ጠየቁ።

«ጥሩ ሰም ነዋ» አሉ አያ መንገሻ ሳያቅማሙ። «ሃያ አምስት ሰዓት ካላረፈ አይይዝም።»

አቶ አንዳርጌ ጽሑፉን ሊያዩ ወደ ቆርቆሮው እጃቸውን ሰደዱ። ገበያው ቀደማቸው። ቆርቆሮውን አንሥቶ «ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይ» በሚለው መስመር ላይ አውራ ጣቱን ጫነበት።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «አንብቤዋለሁ።»