ትከሻ የማይወደው ሸሚዝ

ትናንት ሌሊት ያየሁት ሕልም እስካሁን ያንገበግበኛል።

በሕልሜ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጌጡ ቤት ሄድኩ። እናቴ ትታልኝ ያለፈችውን ነጠላ፣ ለልጄ መልስ የምለብሰው ሸሚዝ እንዲያደርግልኝ በእውኑም ሰጥቼዋለሁ። ያለኝ የክት ነጠላ እሱው ብቻ ነው። አንገትጌው እንደ ጃፓኖቹ ቀሚስ፣ እንደ ኪሞኖ ግራና ቀኝ ተደራርቦ ጥለቱ ዳር ዳሩን ይዞ እንዲወርድ፣ እጅጌው ደግሞ ከገላው ጋር አንድ ላይ ተቆርጦ ትከሻ ላይ ስፌት እንዳይኖረው ነው ያዘዝኩት። ፎቶውን እያሳየሁ ስንቴ ነገርኩት!

ጌጡ ግን መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል። ደንበኞቹም በተርታ እንደዚያው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መኪናውን የሚረግጠው የኔ ሸሚዝ ነው። ልብሶች ተሰልፈው ሰው ያሰፋሉ። አንድ ሱፍ ኮት ከስልኩ የሆነ ጎረምሳ ፎቶ እያሳየ፣ "ልክ እንደዚህ ዓይነት ደረት ይውጣልኝ" ይላል።

ሸሚዙ ጠረጴዛው ላይ አጋደመኝና በጠመኔ ያሰምርብኝ ጀመር።

"አንገትሽ አይደራረብም እንዴ?"

"አንገቴ አንድ ነው!"

"ይሄ ትከሻስ? ማነው እዚህ ላይ የቀጠለሽ? ኪሞኖ ትከሻ አያውቅም። ይነሳ!"

"እግዜር ነው የሠራኝ፣ አርፈህ ተቀመጥ!"

"እሱም ፎቶውን በደንብ አላየውም" አለና መቀሱን አነሳ።

ዘልዬ ወርጄ ቀበሌ ገባሁ። እንደ ወትሮው የኃላፊው ኮት ወንበሩ ላይ ነበር። ዛሬ ግን ሥራ የገባው ኮቱ ነው፤ ኃላፊው ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው ያንኮራፋሉ።

"ትከሻዬን ሊቆርጡብኝ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ኃላፊው ወጣ ብለዋል" አለ ኮቱ።

"ይኸው እዚህ ያንኮራፋሉ!"

"ወጣ ብለዋል አልኩሽ። ነገ ነይ።"

በንዴት ስወጣ ሸሚዙ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። የጋለ ካውያ ይዟል።

"የት ትሄጃለሽ? አልቀሻል እኮ! መተኮስ ብቻ ነው የቀረሽ።"

ጮኼ ነቃሁ። ትከሻዬን ዳበስኩ፤ ሁለቱም በቦታቸው ናቸው። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። ጌጡ ነው።

"እትዬ የውብዳር፣ አልቋል! መተኮስ ብቻ ነው የቀረው።"

ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ሮጥኩ። ሸሚዙን ዘርግቶ አሳየኝ። ግራና ቀኙ ትከሻው ላይ ተቆርጦ፣ እንደ ማንኛውም ሸሚዝ እጅጌ ተቀጥሎበታል! ደሜ ፈላ።

"አንተ ጌጡ! ትከሻው ላይ ስፌት አይኑረው አላልኩህም?"

"እጄ ለምዶ ነው እትዬ፣ ሳላስበው ቆረጥኩት። ደግሞ ለዚህች ብለው ነው እንዲህ የሚቆጡት? ከላይ ያቺን የእናትዎን ነጠላ ጣል ቢያደርጉበት ማን ያየዋል?"

ነጠላዬን ቆራርጦ በሁለት እጁ እንደያዘ ነው እንዲህ የሚለኝ።