የወረፋው ጸሐፊ

እኛ ዘንድ ሦስት ሰው አንድ በር ላይ ከቆመ አራተኛው ወረቀት ማውጣቱ አይቀርም። ስም ይጻፋል፤ ተራ ይያዛል። ወረቀቱ ማኅተም የለው፣ ያዘዘው አለቃ የለው፤ ግን እስኪ እሱን ጥሳችሁ ግቡ! ማኅተም ተመትቶበት የሚረሳ ስንት ደብዳቤ እያለ፣ ከደብተር የተቀደደች አንዲት ቅጠል እንዲህ መከበሯ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እኔ ደግሞ ለዚህች ቅጠል የተፈጠርኩ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ። የማስረጃ ኮፒ ሁለት ከተባልኩ አምስት እይዛለሁ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩትን ማስታወቂያ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ሳገኘው ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ተፈላጊ ብዛት አንድ፤ የሥራ ልምድ ዜሮ ዓመት። ተማሪ ሳለሁ ያስለቀሰኝ ዜሮ በመጨረሻ አሳቀኝ።

ታዲያ ማስረጃዎቼን ሳገላብጥ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ከምኖርበት ከታቦር ሰፈር በባጃጅ ገስግሼ ስደርስ በሩ አልተከፈተም፤ ሰው ግን ሞልቷል። ወረቀት ያወጣ የለም! ግፊያ ሊጀመር ሲል እስክሪብቶዬን መዘዝኩ። ስም ከነአባት፣ በመጡበት ቅደም ተከተል። መስመሩንም በማስመሪያ አሰመርኩት። አዎ፣ ማስመሪያ ይዤ ነበር፤ አትሳቁ። ሠላሳ ስምንት ሰው ሞላ።

መዝጋቢው በሩን ከፍቶ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ በራ። "በዚህ ነው የማስተናግደው። እዚህ ላይ የሌለ አይገባም" አለ። ሰው በተራው ገባ፣ ወጣ። ቀትር ሲቃረብ ሠላሳ ስምንተኛዋ፣ ምሕረት የምትባል ልጅ፣ ማስረጃዋን እያጠፈች ስትወጣ መዝጋቢው በሩን ሳበ።

"እኔስ?" አልኩ።

ስሜን ጠየቀኝ። ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደ። የለሁም። የሁሉን ስም ስጽፍ የራሴን ረስቻለሁ።

"ቆጣሪው ራሱን ሳይቆጥር ቀረ!" አለ አንዱ ከግቢው፤ ሳቁ አጥር ተሻገረ። እኔ ስሜን ከላይ እስከ ታች ራሴ ደግሜ ፈለግሁት። ዜሮ ዓመት የሚል ማስታወቂያ መቼ ደግሞ ይገኛል?

ምሕረት ግን ከበሩ አልተነሳችም። "ጋሼ፣ የጻፈው እኮ እሱ ነው። ሠላሳ ስምንት ሰው ጽፎ አንዳችንንም አልዘለለም። መዝገብ ቤት የሚፈልገው እንዲህ ያለውን አይደል?"

"አንቺ ልጅ፣ ተወዳዳሪሽ መሆኑን ረሳሽው?"

"ይመዝገቡትና በፈተና እጥለዋለሁ።"

መዝጋቢው ሳቀ፤ ሠላሳ ዘጠነኛ አድርጎ መዘገበኝ።

ፈተናውን ወሰድን። ውጤቱ ሲለጠፍ አንደኛ እኔ ሆንኩ። ከሥሬ፣ ሁለተኛ ምሕረት፤ ከስሟ ጎን "ተጠባባቂ" ይላል። ተመራጩ ከቀረ የምትጠራው እሷ ናት ማለት ነው። ደስታዬን ልቀምሰው ስል "ባጎረስኩ ተነከስኩ" የሚለው ተረት በእሷ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። የፈተናው ቀን ስልክ ተለዋውጠን ነበርና እየፈራሁ ደወልኩላት።

"አየሁት" አለች። "ሥራ ስትጀምር ዓሣ ትጋብዘኛለህ። ማምለጫ የለህም።"

ጋበዝኳት። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልን። እኔ እንደ ልማዴ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀምኩ በሳህኔ ጠርዝ እደረድራለሁ። ምሕረት ትንሽ አየችኝና መታገሥ አቃታት።

"ተው ባክህ፣ ዝም ብለህ ዋጥ! ተጠባባቂዋ እኔ ነኝ።"

ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። እኔ ግን የለቀምኩትን ቁራሽ መልሼ አስቀመጥኩና እንደገና ከመጀመሪያው መልቀም ጀመርኩ።