አረሙ የተከሰሰ ዕለት

[የላቦራቶሪ ክፍል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተርና ውስጡ አረንጓዴ የለበሰ ሙቀጫ ተቀምጠዋል። ከእሱ ሌላ አዋቂ የተፈጠረ የማይመስለው የዕፅዋት በሽታ መርማሪ፣ ሊቁ፣ በነጭ ጋዋኑ ይንጎራደዳል። የእህቱ ባል፣ አማቹ፣ ሙቀጫውን አንስቷል። የሁለቱ ማሳ በአንድ አጥር ይዋሰናል፤ ሊቁ ለላሞቹ መኖ የዘራውን አልፋልፋ ቢጫ በሽታ መትቶታል፣ የአማቹ ደግሞ አረም የወረሰው የፍየል ግጦሽ ነው።]

ሊቁ፦ አስቀምጥ አልኩህ እኮ!

አማቹ፦ ቆሽሿል፤ ላጥበው ብዬ ነው።

ሊቁ፦ ዕቃ አጠባ ለወጥ ቤት ነው፤ እዚህ ሳይንስ ነው ያለው! ከጠዋት ጀምሮ ናሙናውን ሁሉ በእሱ ስፈጭ አንድም ቅሬታ አላሰማ።

አማቹ፦ እሺ በቃ፣ አትቆጣ። ፍየሎቼ ግን ምን በደሉህና ግጦሻቸውን ትከሳለህ?

ሊቁ፦ ፍየሎችህ አይደሉም፣ አረምህ ነው! ቫይረሱን ያረባው እሱ ነው። ክሽክሽ የምትባል ሚጢጢ ተባይ ካንተ አረም መጥጣ ትመጣና የእኔ አልፋልፋ ላይ ትተፋዋለች።

አማቹ፦ አረሜ እኮ ለምለም ነው። የት አለ በሽታው?

ሊቁ፦ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው! ራሱ ሳይታመም ሌላውን ያሳምማል።

አማቹ፦ እንደ አክስትህ በላ! እሷ ደህና ናት፤ ያዋራችው ሁሉ ግን ራሱን ያመዋል።

ሊቁ፦ ቀልድ አይደለም። ለትራክተረኛው ነግሬዋለሁ፤ ዛሬውኑ የታመመውን ማሳ ይገለብጠዋል።

አማቹ፦ [ደንግጦ] ማሳዬን? ፍየሎቼ ምን ሊበሉ? ኧረ ተው፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!

ሊቁ፦ ማስረጃ የያዘ ሰው አይቸኩልም፣ ይፈጥናል። [ኮምፒውተሩን ያዞርለታል] ይኸው! እነዚህ ፊደሎች የቫይረሱን ዘር የሚናገሩ ናቸው። የላይኛው ረድፍ ከእኔ አልፋልፋ፣ ቀጣዩ ካንተ አረም። አስተያያቸው።

አማቹ፦ [በጣቱ እየተከተለ] አንድ ናቸው።

ሊቁ፦ ቁርጥ መንትያ! አለቀ፣ ደቀቀ!

አማቹ፦ ሦስተኛውም ያው ነው። እሱ ደግሞ የማን ማሳ ነው?

ሊቁ፦ እሱ ማሳ አይደለም፣ ንጹሕ ውሃ ነው። ቫይረስ የሌለበት ነገር ምን እንደሚመስል ለማመሳከር አብረን እናስገባለን።

አማቹ፦ ግን እኮ አለበት።

ሊቁ፦ የለበትም! ውሃ ነው አልኩህ!

አማቹ፦ ፊደሉስ?

[ሊቁ ጠጋ ብሎ ያያል።]

አማቹ፦ ወይ አረሜ! ውሃውንም ለክፎታላ! ታዲያ እሱም በትራክተር ይገልበጥ?

[ሊቁ ውሃውን ሳይቀር ያሳለፈበትን ያልታጠበ ሙቀጫ ቀስ ብሎ ያያል። ፊቱ እንደ አልፋልፋው ቢጫ ይሆናል።]

ሊቁ፦ የአልፋልፋው ትራፊ... ሁሉም ውስጥ ገብቶ... [ስልኩን አፈፍ አድርጎ] ሃሎ! ትራክተሩን አቁም! የአማቼን ማሳ እንዳትነካ!

ትራክተረኛው፦ [ከስልኩ ውስጥ] የሱን ማን ነካው? የታመመውን ገልብጥ አላልከኝም? የሱማ ለምለም ነው! ቢጫ የመታውን ድራሹን አጥፍቼ አሁን መውጣቴ ነው።

[ሊቁ ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል።]

ሊቁ፦ ላሞቼ... ላሞቼ ምን ሊበሉ ነው?

አማቹ፦ [ሙቀጫውን ቧንቧ ሥር እያጠበ] የእኔን አረም ይብሉ እንጂ፤ ዘመድ ለመቼ ነው! ብቻ አደራ፣ ከማጠጣትህ በፊት ውሃውን አስመርምር።